የሌሉ ሰዎች አለቃ

እንጀራዬ ሰው መፍጠር ነው። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና፣ ጭቃ አላቦካም፤ እፍ ብዬም ነፍስ አልዘራም። አንዲት ጠባብ ሣጥን ውስጥ 500 ብዬ እጽፋለሁ፣ «ጀምር» የምትለዋን እጫናለሁ፣ 500 ሰው ብድግ ይላል። ሁሉም የባንክ ሒሳብ አላቸው። የሁሉም ስልክ ቻርጅ አለው። ሁሉም የይለፍ ቃላቸውን ያስታውሳሉ። ከዚህች ከመጨረሻዋ ብቻ እንኳ ሰዎቹ በሕይወት የሌሉ መሆናቸውን ትጠረጥራላችሁ።

ሥራው በሙያው ሰዎች ዘንድ «ሎድ ቴስት» ይባላል። አንድ የባንክ አፕሊኬሽን፣ አንድ የትኬት መቁረጫ ወይም የፈተና ውጤት ማሳያ ገጽ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት፣ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ቢመጣበት ይችል እንደሆነ አስቀድሞ መፈተን ነው። 5 ሺህ እውነተኛ ሰው ሰብስቦ «በሉ እኩል ተጫኑ» ማለትማ አይሞከርም። ማን ይመጣል? የመጣውስ ቢሆን አበልና ሻይ ቡና ይጠይቃል፤ ግማሹም ሳይጫን ፈርሞ ይሄዳል። ስለዚህ ሰው መስለው የሚገቡ፣ የሚያዩ፣ የሚከፍሉና የሚወጡ ምናባዊ ተጠቃሚዎች ኮምፒውተር ውስጥ ይፈጠራሉ። እነዚህ አበል አይጠይቁም፣ አያረፍዱም፣ ለቅሶ አለብኝ አይሉም።

የሌለ ሰው ማቅረብ የቆየ ንግድ ነው። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ስመ ጥሩው ሎድራነር ይባላል። የሠራው ሜርኩሪ ኢንተራክቲቭ እ.ኤ.አ. በ1989 እስራኤል ውስጥ የተቋቋመ ኩባንያ ሲሆን፣ በ2006 ኤች ፒ 4.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ጠቅልሎታል። የሎድራነር ፈቃድ ሲሸጥ የኖረው በምናባዊ ተጠቃሚ ቁጥር ነው። እስቲ አስቡት! የሌለ ሰው በነፍስ ወከፍ ዋጋ ወጥቶለታል። በኋላ ላይ 50 ሰው በነጻ ተፈቀደ፤ ሃምሳ አንደኛውን የፈለገ ግን ኪሱን ይዳብስ። እኔ በሥጋና በደም ያለሁት ሰውዬ ገበያ ላይ ዋጋዬ ስንት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ የሌለው ወንድሜ በዶላር ይሸጣል።

ዶላር የሚያጥረን ሰዎች ዘወር የምንለው ወደ ጄሜተር ነው። ጄሜተር ስቴፋኖ ማዞኪ የተባለ ባለሙያ የጀመረው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የአፓቼ ነጻ ሶፍትዌር ነው። የፈለጋችሁትን ያህል ሕዝብ በነጻ ይሰጣችኋል፤ ገደቡ የማሽናችሁ አቅም ብቻ ነው። የሌለ ሰውም ቢሆን ቦታ ይፈልጋልና፣ ቁጥሩን በስስት ከፍ ያደረገ ጀማሪ የባንኩ ሰርቨር ሳይነቃነቅ የገዛ ላፕቶፑ ሲያቃስት ይሰማል። ተፈታኙ ደህና፣ ፈታኙ ወደቀ። ከዚህ የተነሣ ከፍ ያለ ፈተና ሲታሰብ ሕዝቡ በብዙ ማሽኖች ላይ ይከፋፈላል። መሣሪያው ራሱ ሲከፈት የሚያቀርብላችሁ ግን እጅግ ትሑት ቁጥር ነው፦ 1 ሰው፣ በ1 ሰከንድ፣ 1 ጊዜ። ከዚያ በላይ ያለውን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። ጣጣውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱም አለቃ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ ያደርግና፣

«በአጭሩ ንገረኝ። ይሄ ሲስተም ስንት ሰው ይችላል?»

«ምን ዓይነት ሰው ይሆን የሚመጣው?» እላለሁ።

«ሰው ነዋ! ሰው ምን ዓይነት አለው? 10 ሺህ ሰው ይችላል ወይስ አይችልም?»

«10 ሺህ ሰው ገብቶ ምን ሲያደርግ?»

«ሲጠቀም ነዋ! አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ።»

የሠርግ ድግስ ደግሳ የምታውቅ እናት እንዲህ ብላ አትጠይቅም። እሷ «300 ሰው» ሲሏት በልቧ ወዲያው ትከፋፍለዋለች፦ የፍስኩን የሚበላ፣ የጾም የሚፈልግ፣ እህል ሳይቀምስ ጠላው ላይ የሚሰነብት፣ አንድ ጥሪ ይዞ ከአምስት ልጆቹ ጋር የሚመጣ፣ በጊዜ በልቶ የሚሄድ፣ ካልገፉት የማይነሣ። ድስቱንም ጋኑንም የምትለካው በዚያ ነው። ምናባዊ ተጠቃሚዎችን በቡድን ማዋቀር የሚባለውም ሙያ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። የእያንዳንዱን ቡድን ሥራ፣ ብዛት፣ አገባብና ቆይታ መለየት ነው።

አንድ የባንክ አፕሊኬሽን እንውሰድ። 1 ሺህ ሰው እኩል ገብቷል እንበል። ከነዚህ 600ው ቀሪ ሒሳባቸውን የሚያዩ ናቸው። 200ው ገንዘብ ይልካሉ፣ 100ው የስልክ ካርድ ይሞላሉ፣ 60ው የመብራትና የውኃ ይከፍላሉ፣ 40ው ደግሞ የይለፍ ቃል ጠፍቶባቸው በር ላይ ቆመዋል። ቁጥሩ የእኔ ግምት ነው፤ ቁም ነገሩ ግን እነዚህ አምስት ቡድኖች ሰርቨሩ ላይ የሚጥሉት ሸክም አለመመሳሰሉ ነው። ሒሳቡን የሚያይ ሰው አንድ መስመር አንብቦ ይወጣል። ገንዘብ የሚልከው ግን ከአንዱ ሒሳብ ያስቀንሳል፣ በሌላው ላይ ያስጨምራል፣ መዝገብ ላይ ያስጽፋል፣ ለሁለት ሰው የጽሑፍ መልእክት ያስልካል። 1 ሺህ ተመልካች የቻለ ሲስተም 100 ላኪ ያንበረክከው ይሆናል። «ስንት ሰው ይችላል?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያጣው ለዚህ ነው።

ተመልካቹን ቡድን ግን አትናቁት። ወር ሲያልቅ ይነሣል። አፑን ይከፍታል፣ ደሞዙ አልገባም። ይዘጋዋል። ታክሲ ውስጥ ገብቶ ይከፍተዋል፣ አልገባም። ጓደኛው «ለእኔ ገባልኝ» ሲለው ይከፍተዋል። ከገባለትም በኋላ መግባቱን ለማረጋገጥ ይከፍተዋል፤ አመሻሹ ላይ የት እንደሄደበት ለማጣራት ይከፍተዋል። ገንዘብ ደጋግመው ስላዩት አይጨምርም፤ ሰርቨር ግን ደጋግመው ሲያዩት ይደክማል። አንድ የሒሳብ ሹም ይህን ሰው «1 ተጠቃሚ» ብሎ ቢመዘግበው አልፈርድበትም። እኔ ግን በወሩ መጨረሻ ቀን አሥር አድርጌ ነው የምቆጥረው።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ስም ማውጣት ይመጣል። እዚህ አገር የፈተና ደንበኛ ሁሉ ስሙ አንድ ነው፦ አበበ። የፊደል ገበታ ከለቀቅን ጀምሮ በሶ ሲበላ የኖረው ያ አበበ ዛሬ በየባንኩ የመሞከሪያ ዳታቤዝ ውስጥ ሒሳብ አለው። ጩቤውን የጨበጠው ጫላም እዚያው ነው። ጀማሪ ፈታኝ 500 ምናባዊ ተጠቃሚ ይፈጥርና ለሁሉም የአበበን ስምና የይለፍ ቃል ያድላቸዋል። 500 አበበ ገብቶ ሒሳቡን ይጠይቃል። ሲስተሙ ሞኝ አይደለም፤ የአበበን መረጃ አንዴ ከዳታቤዝ ያወጣና ቅርብ ቦታ አስቀምጦ ለቀሩት 499 እሱኑ ያድላል። ውጤቱ ያማረ ይሆናል። መልስ በቅጽበት፣ ስሕተት ዜሮ፣ አለቃ ደስተኛ። እውነተኛው ቀን ሲመጣ ግን 500ው ሰው 500 የተለያየ ሒሳብ ይዞ ይመጣል፤ ቅርብ ቦታ የተቀመጠ ምንም የለም። ለእያንዳንዱ ምናባዊ ተጠቃሚ የራሱን ስምና ሒሳብ ቁጥር በዝርዝር ፋይል አዘጋጅቶ መስጠት አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሳይሠሩት ፈተንኩ ማለት ግን አበበን ብቻ መፈተን ነው።

ተቃራኒውም አለ። ሁሉም ላኪ ወደየራሱ ሰው ይልካል ብላችሁ ቡድኑን ብትበትኑት ደግሞ አገሩን አላወቃችሁትም። እኛ ዘንድ የአንድ ሰፈር ዕቁብ በአንድ ምሽት ወደ አንድ ሒሳብ ይገባል። የደብር ማሠሪያ፣ የታመመ ሰው ማሳከሚያ፣ የለቅሶ መዋጮ ሁሉ አንድ የሒሳብ ቁጥር ቴሌግራም ላይ ይለጠፍና ከየአቅጣጫው ይዘንብበታል። ዳታቤዝ አንድን ሒሳብ ሲጽፍ ቆልፎ ነው፤ የመጀመሪያው ሳይጨርስ ሁለተኛው አይገባም። ስለዚህ 300 ሰው ወደ 300 ሒሳብ ሲልክ ምንም ያልመሰለው ሲስተም፣ 300 ሰው ወደ አንድ ሒሳብ ሲልክ በር ላይ ይጠላለፋል። ከውጭ የተገዛ የፈተና ዕቅድ «ዕቁብተኞች» የሚል ቡድን የለውም። መጨመር ያለብን እኛ ነን።

የምናባዊ ሰው ትልቁ ችግር ግን ጨዋነቱ ነው። ሌላው ቀርቶ ማሰብ እንኳ ካላዘዛችሁት አያስብም። ባለሙያዎቹ «ቲንክ ታይም» የሚሏት አለች፤ በሁለት ጠቅታ መካከል የምትሞላ የዕረፍት ጊዜ። እውነተኛ ሰው ገጹ ከተከፈተለት በኋላ ያነባል፣ መነጽሩን ይፈልጋል፣ ስልክ ይደወልለታል፣ «ቆይ አንዴ» ይላል፣ ልጁን ይጠራል፣ ልጁ ያስረዳዋል፣ ከዚያ ይጫናል። ይህ ሁሉ ሠላሳ ሰከንድ ይፈጃል እንበል። ዕረፍት ያልተሰጠው ምናባዊ ሰው ግን መልስ በግማሽ ሰከንድ ካገኘ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ እንደዚህ ያሉ 100 ዕረፍት የለሾች በሰከንድ 200 ጥያቄ ይልካሉ፤ በየሠላሳ ሰከንዱ አንዴ የሚጫን እውነተኛ ሕዝብ ይህንን ለማድረስ 6 ሺህ መሆን አለበት። ሪፖርቱ ላይ ግን «100 ተጠቃሚ» ተብሎ ይጻፋል። አለቃም 100 ሰው አቃተው ብሎ አዲስ ሰርቨር ይገዛል። ያልታሰበባት ዕረፍት በዶላር ትከፈላለች።

ምናባዊ ሰዎች ከዚህ የባሰ ጨዋነትም አላቸው። ሰርቨሩ ሲዘገይ ይጠብቃሉ። ምናባዊ ተጠቃሚ የጠየቀውን ሳይሰጡት ሌላ አይጠይቅም፤ አብዛኛው ፈተና የሚሠራው በዚህ ሥርዓት ነው። ሲስተሙ ሲደክም እነሱም አብረው ያዘግማሉ፤ ለደካማው ያዝኑለታል ማለት ይቻላል። ውጭ ያለው ሕዝብ ግን ውስጥ የተጨናነቀ መኖሩን አያውቅምና መምጣቱን አያቆምም። አሜሪካዊው ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 በማስረጃ ያጸናው ቀላል ሕግ አለ፤ ውስጥ ያለው ሰው ብዛት፣ በሰከንድ የሚገባው ሰው በቆይታው ሲባዛ ነው። በሰከንድ 20 ሰው ቢገባና እያንዳንዱ 30 ሰከንድ ቢቆይ ውስጥ 600 ሰው አለ። ሲስተሙ ደክሞት ቆይታው 60 ሰከንድ ቢሆን ውስጥ ያለው 1,200 ይሆናል። ልብ በሉ፤ ከድሮው ፍጥነት ይበልጥ የመጣ አንድም ሰው የለም። የወጣ ስላነሰ ብቻ ሕዝቡ በእጥፍ አደገ። የበዛው ሕዝብ ደግሞ ሲስተሙን ይበልጥ ያደክመዋል። «ሲስተም የለም» የምትለዋ፣ በየባንኩ መስኮት የምንሰማት አጭር ዓረፍተ ነገር አንዳንዴ ከጀርባዋ ያለው ታሪክ ይኸው ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ዕዳ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2013 የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መግዣ ድረ ገጹን ኸልዝኬር ዶት ገቭን ከፈተ። ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ተሞክሮ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አንድ ላይ ሊገቡ ሲሉ ተዝለፍልፎ ነበር፤ ቀኑ ግን አይለወጥምና ተከፈተ። ከ50 እስከ 60 ሺህ ሰው እኩል ይገባል ተብሎ ሲጠበቅ አንዳንዴ ሩብ ሚሊዮን ተገኘበት። በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን እስከ መጨረሻ የጨረሱት ስድስት ሰዎች ናቸው። ስድስት! ከእነ ሻይ ቡናቸው ቢሮ ተጠርተው ቢሆን ይቀል ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም፤ ቡድኑ ነው። ያ ገጽ ዋጋ ለማየት እንኳ አስቀድሞ አካውንት መክፈትና ማንነትን ማስመርመር ያስገድድ ነበር። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ በር! ዋጋ ጠይቆ የሚሄደውም፣ ሊገዛ የመጣውም፣ «ምንድን ነው የሚያወሩት?» ብሎ ጎራ ያለውም በአንድ ጠባብ መግቢያ ተጋፋ። ቡድኖቹን ለይቶ የሚያይ ሰው ቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ፣ መርካቶ አንድ ቀን የዋለ ሁሉ የሚያውቀውን በነገራቸው ነበር፤ ዋጋ የሚጠይቅ ከሚገዛው ሁልጊዜ ይበልጣል።

አሁን ወደ አክስቴ ወደ እቴቴ ልለፍ። እቴቴ በሙያዬ ውስጥ ከተማርኩባቸው መጻሕፍት ሁሉ ትበልጣለች። አንድ ቀን ቤቷ ሄጄ ስልኳ ላይ የገንዘብ መላኪያውን ስትጫን አየኋት። አንዴ ተጫነች። ክቡ ምልክት ዞረ። ደግማ ተጫነች። ሦስተኛም ደገመች።

«እቴቴ፣ አንዴ ተጭነሽ ጠብቂው እንጂ» አልኳት።

«ጠበቅኩት እኮ ልጄ። እሱ ነው ያልጠበቀኝ።»

ከዚያ ዱባይ ያለው ልጇ ጋ ደወለች። «እስቲ ከእዚያ ሞክርልኝ፤ ቁጥሩን ታውቀው የለ?» አለችና የይለፍ ቃሏን ጮክ ብላ ነገረችው። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ልጇ እዚያ መሞከር ሲጀምር እዚህ ያለው የልጅ ልጇ ደግሞ በራሱ ስልክ ገባ። በባንኩ መዝገብ ላይ 1 ደንበኛ የሆነችው እቴቴ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በሦስት ስልክ፣ በሁለት አገር፣ በማይቆጠር ጠቅታ ሰርቨሩ ላይ ተሰልፋለች። የደኅንነት ባለሙያ ቢያያት ራሱን ይስታል። ሎድ ፈታኝ ግን ወረቀት አውጥቶ መጻፍ አለበት።

እኔም ጻፍኩ። አሁን በምሠራው ፈተና ሁሉ «የእቴቴ ቡድን» የሚባል አለ። የቡድኑ አባል ተጭኖ ሦስት ሰከንድ ይጠብቃል፤ መልስ ካጣ ደግሞ ይጫናል፤ አምስት ጊዜ ሞክሮ ካልሆነለት ሁለት ዘመድ ይጠራል። ይህ ቡድን የሚያመጣው ጉዳት ረቂቅ ነው። ሰርቨሩ የመጀመሪያውን ጥያቄ ገና እየሠራ ሳለ ሁለተኛው ይደርሰዋል፤ ለመጀመሪያው መልስ ይዞ ሲመለስ ጠያቂው የለም፣ ገጹን አድሶ ከሰልፉ ኋላ ቆሟል። ሰርቨሩ ላቡን እያፈሰሰ የሚሠራው ለሌለ ሰው ይሆናል። ጥሩ ፕሮግራመሮች የሚጽፉት ሶፍትዌር ይህን ስለሚያውቅ፣ መልስ ሲያጣ ከመድገሙ በፊት አንድ ሰከንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት እያለ የዕረፍቱን ጊዜ ያራዝማል፤ ሁሉም እኩል እንዳይመለሱም ጊዜውን ትንሽ ያዛንፈዋል። እቴቴን ግን እንዲህ አድርጎ ፕሮግራም የሚያደርግ እስካሁን አልተወለደም።

የእቴቴ ቡድን ኃይሉ የሚታየው የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ነው። በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን የወሰዱት ከ840 ሺህ በላይ ነበሩ። ወረቀት ላይ የሚያቅድ ሰው 840 ሺህ ተጠቃሚ ብሎ ይጽፋል። ኧረ ተው! የአንድን ልጅ ውጤት ልጁ ብቻ ያያል? እናት ታያለች፣ አባት ለብቻው ያያል፣ ወንድም ካፌ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ስሙን የሚያውቅ ጎረቤት ልጁ ሳይሰማ ይሞክራል፣ ሪያድ ያለች እህት ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም። በዚያ ዓመት ማለፊያ ነጥብ ያመጡት 27,267 ናቸው፤ 3.2 ከመቶ። ያለፈው አንዴ አይቶ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ እልል አሰኝቶ ይወጣል። ያላለፈው ግን «ተሳስቶ ይሆናል» ብሎ ደግሞ ያያል፤ ነገም ያያል። ስለዚህ የውጤት ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው ሁለት ቡድን ያስፈልገዋል፤ ደስ ያላቸውና ተስፋ ያልቆረጡ። ሁለተኛው በቁጥርም ይበዛል፣ በጠቅታም ይበረታል።

ሰዓትም ቡድን አለው። አንድ ከውጭ የመጣ አማካሪ «ሕዝቡ በስንት ሰዓት ይበዛል?» ብሎ የባንክ ሠራተኞችን ይጠይቃል። «ከ3 ሰዓት ጀምሮ መተንፈሻ የለም» ይሉታል። እሱም በታማኝነት ትልቁን ማዕበል በራሱ 3 ሰዓት፣ ማለትም በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አደረገው። ሁላችንም ሳቅን። ማግስቱን ውጤቱ ሲታይ ግን ሳቁ ቀረ፤ በዚያ ሰዓት ሲስተሙ ከቀኑ ይልቅ ይንቀራፈፍ ነበር። ለካ ሌሊት ባንኩ የቀኑን ሒሳብ የሚዘጋበት፣ ወለድ የሚያሰላበት፣ መዝገብ የሚያመሳክርበት ሰዓት ነው። ሕዝቡም ተኝቷል ተብሎ ይታሰባል። ዋሽንግተን ያለው ወገናችን ግን አልተኛም። እዚያ ከሥራ ወጥቶ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ስልኩን ሲያነሣ፣ በበጋቸው እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው 7። የፋሲካ ሰሞን ሲሆን ደግሞ ለእናቱ የበግ መግዣ የሚልከው ሁሉ በዚያች ሰዓት ይመጣል። ቀን ቀን ብቻ የሚፈትን ባንክ ይህን ቡድን አያውቀውም፤ ከሁሉም በላይ ዶላር የሚያመጣለት ግን እሱ ነው።

አንድ ቡድን ደግሞ ማንም በዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት አይወድም፤ ክፉ አሳቢውን። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 2016 ሕዝቧን በኢንተርኔት ልትቆጥር ስትነሣ፣ ሲስተሙ በሰዓት 1 ሚሊዮን ቅጽ እንዲቀበል ተፈትኖ ነበር። ለመልካም ዜጎች የሚበቃ ቁጥር ነው። በዚያው ምሽት ግን ቅጽ የማይሞሉ፣ በር ብቻ የሚያንኳኩ ጥያቄዎች ከውጭ መጡ። ብዛታቸው ያን ያህል የሚያስደነግጥ አልነበረም፤ መከላከያው ግን እንደታሰበው አልሠራም፣ አንድ የኔትወርክ መሣሪያም አልነሣም አለ። ገጹ ተዘግቶ ለ40 ሰዓት ገደማ ቆየ። በምናብ የፈጠሩት ሕዝብ ሁሉ ለመቆጠር የመጣ ነበር፤ ሊያውክ የመጣውን ግን በበቂ አልፈጠሩም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሪፖርት ይጻፋል። ሪፖርት ላይ የሚወደደው ቁጥር አማካይ ነው። ከ100 ሰው 95ቱ በ2 ሰከንድ፣ 5ቱ በ40 ሰከንድ መልስ ቢያገኙ አማካዩ 3.9 ሰከንድ ይሆናል። «ከአራት ሰከንድ በታች!» ተብሎ ይጨበጨባል። 3.9 ሰከንድ የጠበቀ ሰው ግን አንድም የለም። አብዛኛው ተደስቷል፣ አምስቱ ደግሞ ስልካቸውን ሊወረውሩ ደርሰዋል። ደንበኛ ተኮር ነን የሚሉ ሁሉ አማካዩን ትተው እነዚያን አምስቱን ቢጠይቁ ይሻላቸዋል። ከአምስቱ አንዷ የእኔ አክስት ናት።

እንግዲህ ሲስተም የምታሠሩ ጌቶችና እመቤቶች፣ ልመናዬ አጭር ነው። «ስንት ሰው ይችላል?» ከማለታችሁ በፊት የሚመጡት እነማን እንደሆኑ ጠይቁ። መስኮት ላይ የምትሠራዋን ልጅ፣ የጥሪ ማዕከሉን ሠራተኛ፣ በር ላይ ሰልፍ የሚያስይዘውን ጥበቃ አነጋግሩ። ደሞዝ የሚገባበትን፣ ዕቁብ የሚወጣበትን፣ በዓል የሚውልበትን ቀን ከእናንተ የኮምፒውተር ክፍል ይልቅ እነሱ ያውቁታል። መሣሪያው በነጻ ይገኛል፤ የሕዝቡን ጠባይ ግን የሚሸጥላችሁ ኩባንያ የለም።

እናንተም አንባብያን፣ ክቡ ምልክት ሲዞርባችሁ አንዴ ተጭናችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ሁለተኛው ጠቅታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ከሰልፉ መጨረሻ ወስዶ ማቆም ነው። የይለፍ ቃላችሁንም ጮክ ብላችሁ አትናገሩ።